ሳይጻፍ የቀረ ምስክርነት

ላዜ በምትባል ትንሽ ከተማ የሃይማኖት መምህሩ ቬህቢያ ኤፌንዲ ቤት ወሬ ይዞ የሚገባ ሰው ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጥያቄ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ «በዓይንህ አይተሃል?» ይባላል። አላየሁም ካለ «ማን ነገረህ? ለእሱስ ማን ነገረው?» ይከተላል። በዚህ ጠባዩ ያልቀለደበት የለም። መስጊዱ በር ላይ የሚውሉት ሽማግሌዎች ሰማዩ ሲጠቁር፣ «ቆይ አትነሡ፣ ዝናቡን ከማን እንደሰማነው ቬህቢያ ሳያጣራ አንበተንም» እያሉ ይሳሳቃሉ። ሚስቱ ሰልቬታ እንኳ ባቄላው ጨው በዝቶበታል ሲላት «የታመነ ምስክር አምጣ» ትለዋለች።

እሱ ግን በዚህ ጉዳይ አይስቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በመድረሳ የነቢዩን ቃል፣ ሐዲስ፣ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ያስተማረውም ይህንኑ ነው። ንግግር ስለጣፈጠ አይያዝም፤ የመጣበት መንገድ ይታያል። ተናጋሪው ከነገረው ሰው ጋር በአንድ ዘመን ኖሯል? ተገናኝተዋል? የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው? ዋሽቶ ያውቃል? ተማሪዎቹን «ምርምር ማለት ምስክርነት ነው፤ ዛሬ የጻፋችሁት ነገ አላህ ፊት ያቆማችኋል» ይላቸው ነበር። እንደ ሶላት ታጥቦ ውዱእ ሳያደርግ ብዕር አያነሳም። ያረጋገጠውን ጽፎ ሲጨርስም ከሥሩ «አላህ ያውቃል» ብሎ ይጨምርበታል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ከላዜና ከአካባቢዋ መቶ አሥራ ስምንት ሰው የት እንደገባ አይታወቅም ነበር። ባለ መኪና የውጭ ሰዎች መሬት የሚመረምር መሣሪያ ይዘው መጡ፤ ወሬው ግን ከመሣሪያው ይበልጥ ነበር። አንዱ ዋሻ ውስጥ ናቸው ይላል፣ ሌላው ሐይቁ ሥር ናቸው ይላል፣ ሦስተኛው እስር ቤት በሕይወት አሉ ብሎ እናቶችን ያሳብዳል። ቬህቢያ የአማቱን የስፌት ዕቃ ማስቀመጫ ባለብዙ መሳቢያ ሳጥን ባዶ አድርጎ በካርድ ሞላው። ለእያንዳንዱ ወሬ አንድ ካርድ፤ ማን አለ፣ ከማን ሰማ፣ የት ቆሞ አየ፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ሰውየው ምን ዓይነት ነው። የነቢዩን ቃል ለማጣራት የተሠራውን ወንፊት ለሬሳ ፍለጋ ያዋለው እሱ ነው። በዚህ መንገድ ሠላሳ አንድ ሰው ከየጕድጓዱ ወጥቶ በስሙ ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ የጠፉትን የሚያስፈልገው ኮሚሽን ያለ ቬህቢያ ካርድ አካፋ ማንሳት ተወ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ያበላሸውም ነገር እዚሁ ውስጥ ነው ያለው።

ሪፌት የሚባል ሰው ነበር። ከጦርነቱ በፊት የወተት መኪና ሾፌር፣ ራኪያ የሚባለውን አረቄ የሚወድ፣ ቃሉ የማይታመን፣ ሲያወራ የሚያስቅ። ጦርነቱ በጀመረ በሁለተኛው ወር ቬህቢያ ዘንድ መጥቶ፣ «ወንድምህ ሻባን ከወንዙ ማዶ እስር ቤት ነው፣ በዓይኔ አየሁት፣ ከስቷል እንጂ ደህና ነው» አለው። ለምሥራቹ የአባታቸውን ሰዓት ወሰደ። የቬህቢያ እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰባት ወር ስንቅ ሲቋጥሩ ኖሩ፤ የደረቀ ሥጋ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የፕለም ማርማላታ። አድራሹ ሪፌት ነበር። ሻባን ግን የተገደለው በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ይህ ሲታወቅ እናትየው ካልሲ መሥራቱን ተዉ፤ ክረምቱም ሳያልፍ ሞቱ።

ጦርነቱ ካበቃ በስምንተኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ከዐሥር ሶላት በኋላ፣ ይኸው ሪፌት የቬህቢያን በር አንኳኳ። ፂሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ቬህቢያ ግባ አላለውም።

«ላስቸግርህ አልመጣሁም ኤፌንዲ» አለ ሪፌት።

«ያመጣህን ተናገርና ሂድ።»

«የሂልሞ ልጅ ኤድሄም፣ አብረውት የተወሰዱት ሦስቱም፣ ያሉበትን አውቃለሁ። ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ አሮጌው የኖራ ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ ናቸው። ሲጥሏቸው አይቻለሁ። በዓይኔ። እናንተ የምትወዱት በዓይን የታየውን አይደል?»

«ስምንት ዓመት የት ነበርክ?»

«ማን ያምነኛል ብዬ ነዋ።»

«ልክ ነህ። ማንም አያምንህም።»

ሪፌት ደጃፉን ሙጭጭ ብሎ ያዘ። «ጠይቀኝ እንጂ» አለ። «የት ቆመህ አየህ በለኝ። ስንት ሰዓት ነበር በለኝ። ሌላውን ሁሉ አድርቀህ ትጠይቅ የለ? እኔንስ ምናለ ብትጠይቀኝ?»

«ሻባንንም በዓይንህ ነበር ያየኸው።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ዋሽቻለሁ» አለ። «አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ይሄኛውን ግን አልዋሸሁም፤ ወላሂ።»

«መሐላህን ይዘህ ሂድ» አለው ቬህቢያ፤ በሩንም ዘጋ።

ከዚያ ሳጥኑ ጋ ሄዶ ንጹሕ ካርድ አወጣ፤ ብዕሩንም አነሳ። ጥቂት አስቦ ካርዱን ወደ ቦታው መለሰው። በወሬ ላይ ሲዋሽ የተያዘ ሰው ወሬው አይጻፍም፤ ቢጸጸት እንኳ አይጻፍም የሚሉ ጥብቅ ሊቃውንት አሉ፤ እሱም ሁልጊዜ ከጥብቆቹ ጋር ነው። ደንቡ በእጁ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ደረቱን የሞላው ደንብ አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ያንን ሰው ከደጁ ላይ እንደ ውሻ ሲያባርረው ደስ ብሎታል። ይህን ለራሱ ለማመን ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል።

አስተማሪው የነበሩት ሻቺር ኤፌንዲ ያኔ በሕይወት ነበሩ። ዓይናቸው ፈዟል፣ ከአልጋ አይወርዱም፣ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ዓርብ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ነገሩን አነሳላቸው፤ ልክ ነህ እንዲሉት ነበር።

«ሰውየውን አንተ አትመዝነው» አሉት። «ቂም አለህ። ባለቂም በባላጋራው ላይ የሚሰጠው ፍርድ አይያዝም። ለሌላ ስጠው።»

«ሸይኼ፣ ቂም አይደለም። ደንብ ነው።»

«ደንቡም አለ፣ ቂሙም አለ» አሉ ሽማግሌው። «ውሸታም ሰውዬ እውነት አይናገርም ያለህ ማን ነው? ደካማ ወሬ ለብቻው ይቀመጣል፤ ሌላ መንገድ እስኪመጣለት ይጠበቃል። አልፎ አልፎም ይመጣለታል። አንተ ግን ከነጭራሹ አልጻፍከውም።»

ቬህቢያ እጃቸውን ስሞ ወጣ። ለማንም አልሰጠውም። እዚህ ላይ ሰው ሊናደድበት ይገባል፤ አንድ ካርድ ጽፎ ለኮሚሽኑ ጸሐፊ መስጠት ምን ያህል ያደክማል?

ሪፌት ግን ዝም አላለም። የኤድሄም ወላጆች ዘንድ ሄደ። አባትየው ሂልሞ አናጢ ናቸው፤ ብዙ የማይናገሩ፣ በጦርነቱ ሁለት ጣት ያጡ፣ በቀሪው ስምንት ጣት አሁንም ጥሩ በር የሚሠሩ። እናትየዋ ዙምራ ናቸው። ኤድሄም አንድ ልጃቸው ነበር፤ ሲወስዱት ሃያ አራት ዓመቱ። በማግሥቱ ሁለቱም የዓርብ ልብሳቸውን ለብሰው ቬህቢያ ቤት መጡ። ሰልቬታ የጋገረችውን ፒታ ቆርሳ አቀረበች፤ ማንም አልነካውም።

«አካፋ አለኝ» አሉ ሂልሞ። «ጕልበትም አላጣሁም። ወረቀቱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ወረቀቱ ግን ቀላል አልነበረም። መሰንጠቂያው ከጦርነቱ በኋላ ከወንዙ ማዶ ባሉት በጠላት ወገኖች እጅ ገብቷል፤ ያለ ኮሚሽኑ ትእዛዝ አካፋ ይዞ የሚገባ ታስሮ ነው የሚወጣው። ኮሚሽኑ ደግሞ ካርድ ይጠይቃል።

ቬህቢያ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። ስለ ኤድሄም ጠንካራ ወሬ አለው። ታጂባ ትባላለች፤ የመድኃኒት ቤቷ ሴት፤ በሕይወቷ አንዲት ግራም አጉድላ መዝና አታውቅም። ያን ቀን ኤድሄም የተያዙትን ወደ ማዕድን ማውጫው በሚወስደው አውቶቡስ ሲሳፈር አይታዋለች፤ ያንን እናቱ የሰፉለትን ግራጫ ካፖርት ለብሶ። ይህን ከእሷ የሰሙ ሁለት ሰዎችም አሉ፣ ሁለቱም የታመኑ። ስለዚህ ፍለጋው ማዕድን ማውጫው ላይ ይሆናል።

«ታዲያ ሪፌት ለምን ይዋሻል?» አሉ ሂልሞ። «ምንም አልጠየቀንም እኮ። ውኃ እንኳ አልጠጣም።»

«ስለ ሻባንስ ለምን ዋሸ?» አለ ቬህቢያ።

ይሄኔ ዙምራ ጣልቃ ገቡ። ቬህቢያን በቁምጣ ሲሮጥ ያውቁታል፤ አንተ ነው የሚሉት። «እኔ አልተማርኩም» አሉ። «አንተ ንገረኝ። ልመነው ወይስ አልመነው?»

«አይመኑት፣ እናቴ።»

እንግዲህ በዚህ ቃል ነው ነገሩ የተቆረጠው። ሪፌት ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ዙምራ በር መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልተከፈተለትም። በመጨረሻው ምድጃውን፣ መንገዱንና የቆመበትን ቦታ በእርሳስ የሣለበት ወረቀት አጥሩ ላይ ሰክቶ ሄደ። ዙምራ ወረቀቱን ሳይገልጡ የማድቤታቸው እሳት ውስጥ ከተቱት።

ማዕድን ማውጫው አምስት ዓመት ተቆፈረ። ሌሎች ሰዎች ተገኙ፤ ኤድሄም የለም። ሪፌት በሦስተኛው ዓመት በጉበት ሞተ። እኛ ዘንድ ጀናዛ ላይ ኢማሙ ሕዝቡን «ይህን ሰው እንዴት ታውቁታላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውም «በደግ» ብሎ ይመሰክራል። ቀጥሎ ይቅር እንዲሉት «አፉ ብላችሁታል?» ይላል፤ «አፉ ብለናል» ይባላል። ለማንም ይባላል፤ ለሰካራሙም ለሌባውም፤ አፈር ሊበላው ነውና። ቬህቢያ ከፊተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ጊዜ ከንፈሩን አላላቀቀም። ሰውም አየ። ያልታመነ ሰው ሲሞትም አይታመንም ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ገባው፤ አንዳንዱ በጥብቅነቱ አደነቀው።

ሂልሞ ከእሱ ሁለት ዓመት ቆይተው ሞቱ። በራሳቸው እጅ ሁለት የመቃብር ምልክት ጠርበው ነበር፤ አንዱ ለራሳቸው፣ አንዱ ለልጃቸው። በኑዛዜያቸው መሠረት ከጎናቸው አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ተተወ። የልጁ ምልክት ዕቃ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

በዚያው ዓመት የመሰንጠቂያው ባለቤት የእንጨት መጋዘን ለመሥራት አሮጌውን የኖራ ምድጃ በዶዘር አፈረሰው። ድንጋዩና አፈሩ ተጠርጎ ወንዙ ዳር ተደፋ። ወንዙም በየጸደዩ ሲሞላ ከዳር ከዳሩ እየቆረሰ ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ጠጠሩ ላይ መንጋጋ አገኘ። ፖሊስ መጣ፣ ዳርቻው ተፈተሸ፤ የተገኘው መንጋጋውና አንድ የጭን አጥንት ነው። አፈሩ ከየት መጥቶ በማን ትእዛዝ እንደተደፋ እስኪጣራ፣ አጥንቱም ከየእናቶቹ ደም ጋር እስኪመሳከር ሌላ ሁለት ዓመት አለፈ።

ከአጥንት መለያው ማዕከል ስልክ የደወለችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። «ኤድሄም ነው» አለችው። «ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ በመቶ።»

«የት ተገኘ?» አለ ቬህቢያ፤ እያወቀ።

«ከእንጨት መሰንጠቂያው በታች።»

ስልኩን ዘግቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታጂባ መድኃኒት ቤት ሄደ። ሰው እየገዛ ነበር፤ እስኪወጣ አልጠበቀም።

«ያን ቀን አውቶቡሱ ላይ» አላት፤ «ፊቱን አይተሽዋል?»

ታጂባ መነጽሯን አወለቀች። «ፊቱን? ጀርባውን ነው እንጂ። ያ ግራጫ ካፖርት፣ ዙምራ የሰፋችው። ሌላ ማን ይለብሰዋል?»

«አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ አልነገርሽኝም።»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም እኮ ኤፌንዲ» አለች። «ታጂባ ካለች በቃ ብለህ ጻፍከው።»

እውነቷን ነው። ውሸታሙን ውሸታም ነው ብሎ አልጠየቀም፤ እውነተኛዋንም እውነተኛ ናት ብሎ አልጠየቀም። ካፖርቱን ማን ገፎ ማን እንደለበሰው ዛሬም አይታወቅም።

ቤቱ ገብቶ ውዱእ አደረገና ያን ንጹሕ ካርድ አወጣ። «ሪፌት» ብሎ ጻፈ። ከማን ሰማ በሚለው ላይ «በዓይኑ» ብሎ ጻፈ። የት ቆሞ አየ የሚለው ቦታ ላይ ብዕሩ ቆመ። ስንት ሰዓት ነበር፣ ጣዮቹ እነማን ነበሩ፣ ሌሎቹ ሦስቱ አብረው ነው የተጣሉት ወይስ ለየብቻ፤ ሁሉም ባዶ ቀረ። መላሹ አፈር ውስጥ ነው። የሦስቱ እናቶች ግን ከመስጊዱ በላይ ባለው ሰፈር አሁንም አሉ፤ ሲያልፍ ሰላም ይሉታል። ሰልቬታ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ በሕይወቷ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበርና ምን እንደምታደርግ ጠፋት።

«ለዙምራ ማን ይነግራቸዋል?» አለችው።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን?»

ማዕከሉ እንዲህ ያለውን መርዶ የሚያደርሱ የሠለጠኑ ሰዎች አሉት። መተው ይችል ነበር። አጥንቱ ወንዝ ዳር ተገኘ ብሎ ነገሩን እዚያ ላይ ማቆምም ይችል ነበር፤ ዙምራ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ማን ቆጥሮ ይጠይቀዋል? መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ሄደ። ከእሳቸው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አፉ እንዲሉት። ያለዚያ እንዴት እንደሚሰግድ እንኳ አላወቀም። ደግሞ ሁሉን ሳይነግር የሚያገኘው አፉታ የተሰረቀ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

ዙምራ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፕለም እየሰነጠቁ ፍሬውን ያወጡ ነበር። ሲያዩት ቢላውን አስቀመጡ።

«ተገኘ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

«ተገኘ፣ እናቴ።»

«ስንት?»

«ሁለት አጥንት።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት። «የት?»

«ሪፌት ያለበት ቦታ ነበር። ምድጃውን ሲያፈርሱት ወደ ወንዙ ደፉት።»

«ያን ጊዜ ብንቆፍር ኖሮስ?»

የማያውቀውን አይናገርም፤ ይህን ግን ያውቀዋል። «ሙሉውን ያገኙት ነበር» አለ። ከዚያ ሌላውንም ነገራቸው፤ ሻቺር ኤፌንዲ ለሌላ ስጠው ማለታቸውን፣ ካርዱን መመለሱን፣ ታጂባን ፊቱን አይተሻል ብሎ አለመጠየቁን፣ ሪፌትን ሲያባርረው ደስ ብሎት እንደነበር። ምንም አላስቀረም። ሲጨርስ በረንዳው ላይ ተንበረከከ።

«አፉ ይበሉኝ» አላቸው።

ዙምራ ከዘንቢሉ አንድ ፕለም አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ተርቦች ፕለሙ ላይ ይዞራሉ።

«የእኔን አፉ ብዬሃለሁ» አሉት በመጨረሻ። «አንተ የምታውቀውን ነው የነገርከኝ። የሂልሞን ግን የምሰጥህ የለኝም።»

«ገብቶኛል፣ እናቴ።»

«አልገባህም። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ ወደ ምድጃው ውሰዱኝ አለ። ዳር ቆሜ ላየው ብቻ ነው አለ። ለመነኝ። ሂልሞ ለምኖ ያውቃል? እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ኤፌንዲው የለም ብሏል፣ ተኛ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና እስኪሞት ድረስ አላናገረኝም።»

ዘንቢሉን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው ተነሡ።

«የእሱን አፉታ እኔም አላገኘሁም» አሉ። «በል ተነሥ፣ ልጄ ጋ ውሰደኝ።»